ከእናቲቱ ይጀምሩ፦ የሮቤና የጎባ ሰፈር ድመቶችን ስለ ማምከን

በባሌ ሮቤ ዙሪያ ጎተራ ያለው ሰው ድመት አይጠላም። የሲናና ወረዳ በበልግም በመኸርም ስንዴና ገብስ ስለሚያመርት አይጥ የሚራብበት ወር የለም፤ አይጥ ካልተራበ ደግሞ ድመትም አትራብም። ጣጣው የሚመጣው ድመቲቱ ከጎተራው ሥር አራት ግልገል አስከትላ ስትወጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጎረቤት ይወስዳል። ለሁለተኛዎቹ ዘመድ ይለመናል። ሦስተኛዎቹ በጆንያ ተቋጥረው ገበያ ዳር ወይም ወንዝ አጠገብ ይጣላሉ። የውጭ አገር የእንስሳት ወዳጆች "በመጠለያ ውስጥ የሚገደሉ ድመቶች" እያሉ ይጽፋሉ። እኛ ዘንድ መጠለያውም መግደያውም ያው ጆንያ ነው።

ይህ መመሪያ ጆንያውን ላልወደደው ሰው የተጻፈ ነው። ሰፈርዎ ውስጥ አሥር ወይም አሥራ አምስት ድመት ቢኖር፣ ሁለት ሦስት ጎረቤት ካገዘዎት በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ሊጨርሱት ይችላሉ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ትዕግሥቱ ነው።

ወንዱን ሳይሆን እናቲቱን

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከወንዱ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ሌሊት የሚጮኸው፣ ግድግዳ ላይ የሚሸናው፣ ጆሮው ተቀዶ የሚመጣው እሱ ነው። ማኮላሸቱም ቀላል ነው፤ ሆድ አይከፈትም፣ ቁስሉም ቶሎ ይድናል። ነገር ግን ከብት ያረባ ሰው ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም፦ አንድ ኮርማ ለመንደሩ ላም ሁሉ ይበቃል። ከአሥር ወንድ ድመት ዘጠኙን አኮላሽተው አንዱን ቢተዉት፣ ያ አንዱ የዘጠኙን ሥራ ይሠራል፤ የግልገሉም ቁጥር አይቀንስም። አንዲት እንስት ሲያመክኑ ግን የእሷ ወሊድ በቃ አበቃ።

ስሌቱን በደንብ ይያዙት። እንስት ድመት በአራትና በአምስት ወር ዕድሜዋ ልታረግዝ ትችላለች፤ ገና ግልገል ናት ብለው በሚያስቧት ጊዜ ማለት ነው። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ወሊድ ከሦስት እስከ አምስት ትወልዳለች። እያጠባችም ቢሆን ዳግመኛ ልታረግዝ ትችላለች። አንዲት ድመት በሰባት ዓመት ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዘር ታፈራለች የሚል ጽሑፍ ካጋጠመዎት አይመኑት፤ አብዛኛው ግልገል ዓመት ሳይሞላው በብርድ፣ በረሃብ፣ በመኪናና በውሻ ያልቃል። በዓመት ሦስት ወሊድ፣ በየወሊዱ አራት ግልገል፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚተርፉት ሁለት ወይም ሦስት፤ ይኸው ብቻ ሰፈሩን ለመሙላት ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ፤ የእኛን አገር ከአውሮፓ የሚለየው ይህ ነው። ድመት ወንድ የምትፈልገው በብርሃን ርዝመት ነው። በሰሜኑ ዓለም ክረምት ገብቶ ቀኑ ሲያጥር ለወራት ታርፋለች፤ እዚያ የሚጻፉ መመሪያዎችም "ከጸደይ በፊት ቅደሙ" ይላሉ። ሮቤ ግን ከምድር ወገብ በሰባት ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። እዚህ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የባሌ ድመት የእረፍት ወቅት የላትም፤ እርስዎም የሚጠብቁት ወቅት አይኖርዎትም።

መቁጠር

ከማጥመድ በፊት ይቁጠሩ። አንድ ደብተር ይያዙ፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በተመሳሳይ ቦታ ጥቂት ምግብ ያስቀምጡ፣ የሚመጡትንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ ለዚህ ከሁሉም ይሻላል፤ ይረክሳል፣ ሽታውም ሩቅ ይሄዳል። በሳምንቱ መጨረሻ ስም አልባዎቹን ድመቶች ስም ሰጥተዋቸው ያገኟቸዋል፦ ዳለቻዋ፣ ባለ ነጭ ጫማው፣ ጅራተ ቆራጣው።

ጾታን ከሩቅ ለመለየት የሚረዱ ሁለት ሦስት ምልክቶች አሉ። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ሦስቱም ቀለም ያላት ድመት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንስት ናት። ሙሉ ቀይ ድመት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ጉንጩ የሰፋ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ፊቱ በጠብ የተቧጨረ ጎልማሳ ወንድ ነው ብለው ይጻፉ። ጡቶቿ የተንጠለጠሉ፣ በዙሪያቸውም ጸጉሩ የተላጨ የሚመስል ከሆነ የምታጠባ እናት ናት። ከእሷ ስም አጠገብ ቀኑን ይጻፉ። ግልገሎቿ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው አይነኳትም። ስምንት ሳምንቱ ሲሞላ ግን አንድ ቀን አያሳልፉ።

በዚሁ ሳምንት ባለቤት ያላቸውን ይለዩ። በየቤቱ በር አንኳኩተው "ይህች ድመት የእርስዎ ናት?" ማለት የሥራው ግማሽ ነው። ሳይጠይቁ የሰው ድመት ወስደው ቢያመክኑ ሰፈሩ ከዚያ በኋላ በር አይከፍትልዎትም፤ ልክም ነው።

ሐኪሙ

በወረዳ ክሊኒክና በግል የሚሠሩ አብዛኞቹ የእንስሳት ሐኪሞች እጃቸው የፈታው በላም፣ በበሬ፣ በበግና በፈረስ ነው። ይህ ነውር የለውም፤ የአርሲና የባሌ ገበሬ ሀብቱ እነሱ ናቸው። ነገር ግን 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ ላይ ትንሽ የሆነ የመጠን ስህተት 3 ኪሎ በማትሞላ ድመት ላይ ሞት ነው። ስለዚህ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ድመት አምክነው ያውቃሉ? ስንት? ማደንዘዣውን የሚሰጡት በሚዛን ነው ወይስ በግምት? ሆዱን ሲሰፉ የውስጡም የላዩም ክር ራሱ የሚሟሟ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የመንገድ ድመት ለሚያመክን ሰው ወሳኝ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ክር ለማስወጣት ያቺን ድመት ዳግመኛ መያዝ ዘበት ነው።

ሚዛን ከሌላቸው ሚዛን ይዘው ይሂዱ። እህል ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል፤ ድመቲቱን ከነሳጥኗ ይመዝኑ፣ ከዚያ ሳጥኑን ብቻውን ይመዝኑና ይቀንሱ። ኬታሚንና ዛይላዚን በከብት ሐኪም ዘንድ የሚታወቁ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለድመትም ያገለግላሉ፤ መጠኑ ግን በኪሎ የተሰላ መሆን አለበት። ለህመሙ ምን እንደሚሰጡም ይጠይቁ። "እንስሳ ነው፣ ይችለዋል" የሚል መልስ ካገኙ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

ለኮርማ የሚያገለግለው ቡርዲዞ የሚባለው ማኮላሻ መሣሪያ ለድመት አይሆንም። ሰፈር ውስጥ "እኔ በምላጭ እጨርስልሃለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም፤ አመስግነው ይለፉት። የእንስቷ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ማህፀኗንና እንቁልጢዎቿን ሆድ ከፍቶ ማውጣት ነው፤ ንጹህ ክፍል፣ የተቀቀለ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

በአንድ ቀን ለአንድ ሐኪም ከሦስት ወይም ከአራት እንስት በላይ አያቅርቡ። ዋጋውን በጅምላ መነጋገር ይቻላል፤ ጥድፊያን ግን በጅምላ መግዛት አያስፈልግም። በዚያው ቀን፣ ድመቷ ሳትነቃ፣ ሁለት ነገር እንዲሠራላት ይስማሙ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትውሰድ፣ የግራ ጆሮዋም ጫፍ በቀጥታ መስመር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥ። የጆሮው ምልክት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ደንዝዛ ሳለች ስለሆነ አታውቀውም፤ ባይኖር ግን ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ይዟት ሆዷ በከንቱ ዳግመኛ ይከፈታል። በብዙ አገሮች የታወቀ ምልክት ስለሆነ ከሌላ አገር የመጣ ሐኪምም ያውቀዋል።

ማጥመድ

ከውጭ የሚመጣ ወጥመድ አያስፈልግዎትም። ለሰው የለመደችውን ድመት በቅርጫት ወይም ክዳን ባለው ሳጥን መያዝ ይቻላል። ለማትነካው ግን ሮቤ ወይም ጎባ ያለ በያጅ በቀጭን ብረትና በዶሮ ሽቦ አንድ ሳጥን ይሥራልዎ፦ ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል፣ በአንድ ጎኑ ወደ ላይ የሚነሳ መዝጊያ ያለው። መዝጊያውን በገመድ ይያዙት፤ ገመዱን ይዘው ርቀው ይቀመጡ፤ ድመቲቱ ሙሉ በሙሉ ገብታ መብላት ስትጀምር ይልቀቁ። ገመድ ከአውቶማቲክ ይሻላል፤ የትኛዋን እንደሚይዙ የሚመርጡት እርስዎ ነዎትና። የምታጠባዋ ከገባች አይልቀቁ፤ በልታ ትውጣ። የሽቦው ጫፍ ሹል ሆኖ እንዳይቀር በያጁን አጥብቀው ይንገሩት፤ የፈራች ድመት አፍንጫዋን እስኪደማ ትገፋለች።

ሳጥኑን ከማጥመጃው ቀን በፊት ለሦስት ቀን ክፍቱን ይተዉት፤ ሳንባውንም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ያስገቡት። በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ያጥምዱ። መዝጊያው በወደቀ ቅጽበት ሳጥኑን በሙሉ በጋቢ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ። ጨለማ ሲሆን አብዛኞቹ ድመቶች ወዲያው ይረጋጋሉ። ይህን ካላደረጉ ድመቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ ያድራሉ፤ ጎረቤትም እርስዎን ይረግማል።

በባዶ እጅ አይያዙ። ድመትም የእብድ ውሻን በሽታ ታስተላልፋለች። ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት፤ 15 ደቂቃ ሲጠብቁት ረጅም ነው፣ ሰዓት ይያዙ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂዱ። ወደ ባህል ሐኪም ሄደው "ካልሻለኝ ሆስፒታል እሄዳለሁ" ማለት እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ያለ ምክንያት የምትዳፈር፣ ለሃጯ የሚዝረከረክ፣ የምትንገዳገድ ድመት ካዩ ማጥመዱን ትተው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ።

ከዲንሾ ጀምሮ እስከ ሪራ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥና አጠገብ ለሚኖሩ አንድ ማሳሰቢያ፦ የባሌ ተራሮች የዱር ድመት መኖሪያም ናቸው። የቤት ድመትን ትመስላለች፤ እግሮቿ ግን ረጃጅም ናቸው፣ የጆሮዋ ጀርባም ቀላ ይላል። ከቤት ድመት ጋር መዳቀሏ ዘሯን ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ ነው። እዚያ አካባቢ ወጥመድ ከማስቀመጥዎ በፊት ዲንሾ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።

ዋዜማውና ቀኑ

ጎልማሳ ድመት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሌሊቱን ሳትበላ ትደር፤ ውኃ ግን እስከ ንጋት ይኑራት። የተኛች ድመት ብታስታውክ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ዛይላዚን ደግሞ ድመት እንድታስታውክ ያደርጋል። ግልገል ከሆነች ግን ከሁለት ከሦስት ሰዓት በላይ አትጹም፤ ትንሿ አካል ስኳር ስለማትይዝ በረሃብ ብቻ ልትሞት ትችላለች።

አሁን ወደ ዋናው የባሌ ጉዳይ ልምጣ። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ። የደነዘዘች ድመት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። ሆዷ ተላጭቶ፣ በአልኮል ታጥቦ፣ ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ተጋድማለች። ቆላ ላይ የተጻፈ መመሪያ "በጥላ ሥር ያሳርፏት" ይላል፤ እዚህ ጥላ ገዳይ ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ድመት ያጣሁት በቢላዋ ሳይሆን በብርድ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ቤት አመጣኋት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ በአንድ ጆንያ አስተኛኋት። ወሩ ኅዳር ነበር። ጠዋት ላይ ሞታ ደርቃ አገኘኋት።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲያልቅ ይስማሙ፤ ድመቷ የምትነቃው ፀሐይ ባለበት ሰዓት መሆን አለበት። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ ይሙሉ፤ እጅዎ ሊይዘው የሚችል ሙቀት ይሁን፤ በጨርቅ ይጠቅልሏቸውና በጀርባዋና በሆዷ በኩል ያስቀምጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ይቀይሯቸው። ጠርሙሱን ያለ ጨርቅ አያስጠጉት፤ የደነዘዘ አካል ሲቃጠል አይጮህም። ከሰል አጠገብም አያስተኟት፤ ጭሱ ለእርስዎም አይበጅም። ወለሉ ላይ ከሥሯ ጭድ፣ ካርቶንና ብርድ ልብስ ያንጥፉ። በጎኗ ትተኛ፣ አንገቷ ቀጥ ይበል። ዓይኗን ገልጣ ስለምትተኛ አይደንግጡ፤ ማደንዘዣው እንዲህ ያደርጋል። ሐኪሙ ለዓይኗ ቅባት እንዲቀባላት ግን ይጠይቁት፤ ካልሆነ ይደርቃል።

ከሮቤ ወደ ብድሬ ወርደው የሚሠሩ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚጠነቀቁት ከቀትር ሙቀትና ከተዘጋ መኪና ነው።

ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ መቀመጥ ስትችል ጥቂት ውኃ፣ ከዚያም ጥቂት ምግብ ይስጧት። ወንዱ አንድ ሌሊት አድሮ በማግሥቱ ቢለቀቅ ይችላል። እንስቷ ሁለት ሌሊት ብታድር ይሻላታል፤ ከቻሉ ሦስት። ከመልቀቅዎ በፊት ቁስሏን ይዩ፦ ትንሽ እብጠት የሚጠበቅ ነው፤ ደም የሚንጠባጠብ፣ መግል የሚወጣ ወይም የሚሸት ከሆነ ወደ ሐኪሙ ይመልሷት።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ጮኼ ልናገር። ለድመት ፓራሲታሞል አይስጡ። ግማሽ ፍሬም ቢሆን፤ ለልጅ በሚሆነው መጠንም ቢሆን። የድመት ጉበት ሊያስወግደው አይችልም፤ ድዷ ይጠቁራል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ትሞታለች። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ቁስሏን በዴቶል ወይም በክሪኦሊን አይጠቡ፤ ልሳው ትመረዛለች። ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በጥቂት ጨው ይበቃል። ደግ ሰው የገደላት ድመት ክፉ ሰው ከገደላት ያነሰ አልሞተችም።

የት ትለቀቅ?

ከተያዘችበት ቦታ። "ሌላ የተሻለ ሰፈር አለ" ብለው ወደ ዲንሾ ወይም ወደ እርሻ ቦታ ወስደው አይጣሏት። ድመት ቦታዋን ታውቃለች፤ የማታውቀው ቦታ ብትጣል ወይ ለመመለስ ስትሞክር ትሞታለች፣ ወይ የሌላ ድመት ግዛት ውስጥ ገብታ ትባረራለች። የእሷ ቦታ ደግሞ ባዶ አይቀርም፤ ምግብ እስካለ ድረስ ያልመከነች ሌላ ትመጣበታለች። ሥራው ውጤት የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው፦ የመከነችው ድመት ቦታውን ይዛ ትኖራለች፣ አትወልድም፣ እንግዳውንም ታባርራለች።

አንድ ሰፈር ይጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። ከሮቤ አንድ፣ 14 ኪሎ ሜትር ርቆ ጎባ አንድ፣ ዲንሾ አንድ እያሉ የተበታተነ ሥራ መሥራት ለሪፖርት ያምራል፣ በድመቱ ቁጥር ላይ ግን ለውጥ አያመጣም። በአንድ የምግብ ቦታ ዙሪያ ያሉት እንስቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም እስኪመክኑ ድረስ ግልገል መታየቱን አያቆምም።

ጎረቤት ምን ይላል?

"ከመከነች አይጥ መያዝ ትተዋለች" ይላሉ፤ በየቤቱ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ለዚህ አበው መልስ ትተውልናል፦ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ማደን ከማህፀን የሚመጣ ነገር አይደለም። እውነት ነው፣ ግልገል የምትቀልብ እናት ከሁሉም በላይ ታድናለች፤ የመከነች ድመት ደግሞ ልትወፍር ትችላለች፣ በተለይ ሽሮና እንጀራ ከጠገበች። ግን ከጎተራው ርቃ አትዞርም፤ ለጎተራ የሚፈለገውም ይኸው አይደል? ይልቅ አይጡን በመርዝ የሚገድሉ ከሆነ ድመቱን ይርሱት፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራ ትሞታለች።

ሃይማኖትን የሚያነሱም አሉ። ባሌ ውስጥ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ድመትም በእስልምና ንጹህና የተከበረች እንስሳ ናት። ስለዚህ ጥያቄው ድመትን ከመጥላት አይመጣም፤ "አላህ የሰጣትን እንዴት ትወስዳላችሁ?" ከሚል ነው። እዚህ ላይ ፈራጅ አይሁኑ። ከሥራው በፊት ኢማሙን ያማክሩ፤ በጆንያ ስለሚጣሉት ግልገሎችም ይንገሯቸው። ቀድሞ የተጠየቀ ሽማግሌ በኋላ አይቃወምም።

ድመት ለነፍሰ ጡር አትበጅም የሚሉም አሉ። እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት የድመቷን ኩስ ሌላ ሰው ያንሳ፣ ያነሳውም እጁን ይታጠብ። ከዚህ በላይ አያስፈራሩ፤ ድመት ያባረረ ቤት አይጥ ያስገባል።

ውሻውስ?

ስለ ውሻ ሳያነሱ ባሌ ውስጥ ስለ ድመት መጻፍ አይቻልም። በሳነቴ አምባና በዌብ ሸለቆ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ የሚባለው፣ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩም በባሌ ተራሮች ነው። ትልቁ ጠላቱ አዳኝ አይደለም፤ ከመንደር ውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 የእብድ ውሻ በሽታው መንጋዎችን ጨረሰ። በ2003 እና 2004 ተመልሶ መጣ፤ በዌብ ሸለቆ ካሉት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በ2008 እና 2009፣ በ2014 ደግሞ እንደገና። ዲስቴምፐር በመካከሉ የራሱን ድርሻ ወሰደ። ያልተኮላሹ ወንድ ውሾች በዌብ ሸለቆ ከእንስት ቀይ ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው ዲቃላ ማስወለዳቸውም በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል።

የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾችን ይከትባል። የሚታሰበው ግብ ከመቶ ሰባው ውሻ እንዲከተብ ነው፤ በሽታው የሚተላለፍበት እንዲያጣ የሚያደርገው መጠን እሱ ነውና። ግን የተከተበው ሲሞት ያልተከተበ ቡችላ ይወለዳል፤ በዓመቱ ቁጥሩ ወርዶ ሥራው ከሀ ይጀምራል። ውሻን ማምከንና ማኮላሸት የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ የተከተበው ውሻ ዕድሜ እንዲረዝም፣ ያልተከተበው ቡችላም እንዲያንስ። በመርዝ መግደሉ ግን ተሞክሯል፤ በየከተማው የስትሪክኒን ሥጋ የበሉ ውሾች መንገድ ላይ ሲንፈራገጡ ልጆቻችን አይተዋል፤ በዓመቱ ውሻው እንደ ነበረ ነው። የተከተበውንም ያልተከተበውንም አንድ ላይ ስለሚገድል ለበሽታው መንገድ ከማጽዳት ሌላ ምንም አላደረገም።

እንግዲህ ለድመት የተነጋገሩት ሐኪምና የቆጠሩበት ደብተር ለውሻም ያገለግላሉ። ከብትዎን የሚጠብቀውን ውሻ መጀመሪያ ያስከትቡ፤ ክትባት ሲመጣ ወደ ቀበሌው ይዘውት ይውጡ። ወደ አምባው ከብት ይዘው ሲወጡ ውሻውን በቤት ይተዉት። በድመት የተካነ ሐኪም ካገኙ በኋላ እንስቷን ውሻዎን ያስመክኑ።

አሁን ደብተሩን ይክፈቱ። ዛሬ ማታ ጓሮዎ ውስጥ የምታጠባ ድመት ካዩ ስሟንና ቀኑን ይጻፉ፤ ከዚያ ቀን ስምንት ሳምንት ቆጥረው በዚያ ሳምንት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ይያዙ። ሙቅ ውኃ የሚሞሉበትን ሁለቱን ጠርሙስ አይርሱ።